ጣሪያ ሲኖርባችሁ፦ ለቴክኒካል ዳይቪንግ ኮምፒውተር ስለመምረጥ

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መሀል ቀይ ባሕር ላይ የተማራችሁ አላችሁ። ዱባይ ባለ 60 ሜትሩ ገንዳ ውስጥ የተለማመዳችሁ አላችሁ። ለአንድ ሳምንት ጅቡቲ ወርዳችሁ ፍቅሩ የያዛችሁም አላችሁ። ቴክኒካል ኮርስ ልትጀምሩ ስትሉ ግን ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ "ኮምፒውተር የቱን ልግዛ?" ብዙ ጊዜ ጠያቂው የሦስት ሞዴል ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተር ስንል ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ ጥልቀትና ሰዓት እየለካ የትና ስንት ደቂቃ ቆማችሁ እንደምትወጡ የሚያሰላውን ዕቃ ማለታችን ነው።

መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁና የቀረውን ሰዓት ምክንያቱን እናውራ። ስሌቱ በግልጽ የሚታወቅ ኮምፒውተር ግዙ። ስሌቱን እናንተ ማስተካከል የምትችሉት ይሁን። ስትሳሳቱ ደግሞ ተቆልፎ ጥሏችሁ የማይሄድ ይሁን። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ከስልክ ጋር መገናኘቱም፣ የልብ ምት መቁጠሩም፣ የሚያምር የእጅ ሰዓት መምሰሉም፣ ምቾት ነው። ምቾት አልጠላም። ኪስ ሲሳሳ ግን ቅደም ተከተሉ እንደዚህ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት መዝናኛ ዳይቪንግና ቴክኒካል ዳይቪንግ የት ላይ እንደሚለያዩ እናስታውስ። መዝናኛ ላይ ችግር ቢመጣ መውጫው ወደ ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ አለቀ። ቴክኒካል ላይ ጣሪያ አለባችሁ። አይታይም፣ አይዳሰስም፣ ግን አለ።

ሮዛሊ ሞለርን ውሰዱ። ግብፅ ውስጥ ጉባል ደሴት አካባቢ ያለች፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰመጠች የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ናት። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያረፈችበት ወለል 50 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ 45 ሜትር ላይ 25 ደቂቃ ቆያችሁ እንበል። ሰውነታችሁ ውስጥ የገባው ጋዝ ቀጥ ብላችሁ እንድትወጡ አይፈቅድላችሁም። 21 ሜትር ላይ ግማሹ ኦክስጅን ወደሆነው ሲሊንደር ትቀይራላችሁ። 6 ሜትር ላይ ወደ ንጹህ ኦክስጅን። በመሀሉ በየሦስት ሜትሩ የዲኮ (ዲኮምፕሬሽን) ፌርማታ አለ፤ ጋዙ ቀስ ብሎ ከሰውነት እንዲወጣ የምትቆሙበት ማለት ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ነገሩ ጉድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደቡብ አፍሪካዊው ኑኖ ጎሜዝ ግብፅ ውስጥ ዳሃብ ላይ 318 ሜትር ሲወርድ መውረዱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። መውጣቱ ግን 12 ሰዓት ገደማ ወሰደ።

አሁን የተለመደ የመዝናኛ ኮምፒውተር አድርጋችሁ እዚያች መርከብ ላይ ናችሁ። ለእሱ ዲኮ ማለት አደጋ ነው፣ ይጮኻል። አንድ ፌርማታ ብትዘሉበት ወይም ያስቀመጠውን ገደብ ብታልፉበት ብዙዎቹ ሞዴሎች ይቆለፋሉ። ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ጥልቀትና ሰዓት ብቻ ያሳያሉ፤ ስሌት የለም። አምራቹን አልወቅሰውም። የሠራው ሽርሽር ለወጣ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ጥፋት ካጠፋ በኋላ ድጋሚ እንዳይጠልቅ መከልከሉ ልክ ነው። ለእናንተ ግን ስሌቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ዕቅዱ በተበላሸባት በዚያች ሰዓት ነው። ጓደኛችሁ ገመድ ተጠላልፎበት አምስት ደቂቃ አባከናችሁ። የዲኮ ሲሊንደራችሁ ሬጉሌተር፣ አፍ ውስጥ ይዛችሁ የምትተነፍሱበት ዕቃ፣ አየር መልቀቅ ጀመረ። ያኔ የምትፈልጉት "ጥፋተኛ ነህ" የሚል ስክሪን አይደለም። "ካለህበት ተነስተህ፣ ባለህ ጋዝ፣ መውጫህ ይኸውልህ" የሚል ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይኼ ይሁን፦ ፌርማታ ብዘል ምን ያደርጋል? ሻጩ ካላወቀ መመሪያውን ክፈቱ። ጥሩ ቴክኒካል ኮምፒውተር ያስጠነቅቃል፣ ቀይ ያበራል፣ ግን ማስላቱን አያቆምም።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ ነው፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር በፍየሎች ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ሳይንቲስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ፍየሎችን በግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባ ከሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1908 ውጤቱን አሳተመ። ዋናው ሀሳቡ ሰውነት ጋዝን በአንድ ፍጥነት አይቀበልም፣ በአንድ ፍጥነትም አይለቅም የሚል ነው። ምስርና ባቄላ አንድ ላይ ብትዘፈዝፉ ምስሩ ቶሎ ይርሳል፣ ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ደምና አንጎል እንደ ምስሩ ናቸው፤ ደም በደንብ የማይደርሳቸው ክፍሎች እንደ ባቄላው። ሃልዴን ሰውነትን በአምስት ምናባዊ ክፍሎች ከፋፈለና ለእያንዳንዱ ፍጥነት ሰጠው።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ቀመር የዙሪኩ ሐኪም የአልበርት ቡልማን ነው። ስሙ ዜድኤችኤል 16 ይባላል፣ ክፍሎቹም 16 ናቸው። ፈጣኑ ናይትሮጅንን በደቂቃዎች ይሞላል፣ ዘገምተኛው ግማሹን ለመሙላት ከአሥር ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሂሊየምን ለብቻው ያሰላል፤ ይኼ ትራይሚክስ፣ ማለትም ሂሊየም የተጨመረበት ድብልቅ፣ ለሚተነፍስ ጠላቂ ዋና ነገር ነው። ደግሞ ቡልማን የስዊስ ሰው ስለሆነ የተራራ ሐይቆች ያሳስቡት ነበር፣ ከፍታን ከመጀመሪያው ቀመሩ ውስጥ አስገብቶታል። ይኼን ያዙልኝ፣ ወደ አገራችን ስንመጣ ይጠቅመናል።

ቡልማን ለእያንዳንዱ ክፍል "በዚህ ጥልቀት ላይ ከዚህ በላይ ጋዝ መያዝ የለበትም" የሚል ገደብ አስቀመጠ። ገደቡ ጫፍ ላይ መቆም ግን ማንም አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤሪክ ቤከር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ "ከገደቡ ከመቶ ይህን ያህሉን ብቻ ልጠቀም" የሚያስችል ዘዴ አመጣ። ግራዲየንት ፋክተር የምንለው እሱ ነው። ሁለት ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ 30/70። የመጀመሪያው ቁጥር ጥልቁ ፌርማታ የት እንደሚጀምር ይወስናል። ባነሰ ቁጥር ጥልቅ ላይ ትቆማላችሁ። ሁለተኛው ከውሃ ስትወጡ ምን ያህል ጋዝ ተሸክማችሁ እንደምትወጡ ይወስናል። ባነሰ ቁጥር ከውሃው ላይኛ ገጽ አጠገብ ረዘም ትቆያላችሁ።

ታዲያ ቁጥሮቹን ራሴ መቀየር መቻሌ ለምን ይጠቅመኛል? እንዲህ ስለሆነ። ለብዙ ዓመታት "ጥልቅ ፌርማታ ጥሩ ነው፣ አረፋውን ትንሽ ሳለ ያዙት" ይባል ነበር። በዚህ እምነት የተሠሩ ቀመሮች፣ የተሸጡ ኮምፒውተሮችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የዳይቪንግ ሙከራ ክፍል አንድ ጥናት አወጣ። ጠላቂዎች አየር እየተነፈሱ ወደ 52 ሜትር ወርደው 30 ደቂቃ ሠሩ። ከዚያ ሁሉም 174 ደቂቃ ዲኮ አደረጉ። ጠቅላላ ሰዓቱ እኩል ነው፣ አደላደሉ ብቻ ይለያያል። አንዱ ወገን ሰዓቱን ጥልቅ ላይ አበዛ፣ ሌላው ወደ ላይ ጠጋ ብሎ። ጥልቅ ላይ ከቆሙት 198 ጠለቃዎች በ11ዱ የዲኮምፕሬሽን ሕመም መጣ። ከሌላው ወገን 192 ጠለቃዎች ግን በ3ቱ ብቻ።

በአንድ ጥናት ዓለም አይገለበጥም። ውይይቱ ግን ተቀየረ፤ ብዙ ጠላቂዎችም የመጀመሪያውን ቁጥር ከ30 ወደ 50 አካባቢ ከፍ አደረጉ። ልብ በሉ፣ ቡልማንና ግራዲየንት ፋክተር የነበረው ሰው ያደረገው ነገር ሜኑ ከፍቶ ቁጥር መቀየር ነው። ቀመሩ የአምራቹ ምስጢር የሆነ ኮምፒውተር የገዛው ሰው ያለው ምርጫ "ጥብቅ" ወይም "ጥብቅ ያልሆነ" ብቻ ነበር። ስንቱን ጥብቅ? ከምን አንጻር? አይታወቅም። ሳይንሱ ሲራመድ አብሮ የሚራመድ ዕቃ ግዙ የምለው ለዚህ ነው። "የትኛውን ቁጥር ላስገባ?" ካላችሁኝ ደግሞ እሱ የአስተማሪያችሁና የእናንተ ሥራ ነው። ዕድሜ፣ ድካም፣ ብርድ፣ ያለፈ ሕመም ሁሉም ይገባበታል። ከአዳራሽ ንግግር ቁጥር ቀድቶ የሚሄድ ሰው ያስፈራኛል።

ጋዝ። ቢያንስ አምስት ድብልቅ የሚቀበልና ሂሊየም የሚያሰላ ይሁን። ርካሽ ሞዴሎች ናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከአየር የበዛ ድብልቅ) ብቻ ይቀበላሉ፤ ሲሊንደር መቀያየር ለሚጀምር ሰው ያ ይበቃል፣ ትራይሚክስ ሲመጣ ግን ሌላ መግዛት ነው። 45 ሜትር ላይ 21 ከመቶ ኦክስጅንና 35 ከመቶ ሂሊየም ስትተነፍሱ ከጥልቀት ድንዛዜ አንጻር ጭንቅላታችሁ 26 ሜትር ላይ አየር እንደሚተነፍስ ሰው ነው የሚሆነው። ኮምፒውተሩ ይኼን ካልተረዳ ገንዘባችሁን ሂሊየም ላይ፣ ስሌታችሁን ደግሞ ግምት ላይ ጣላችሁ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ የነገራችሁትን እንደሚያምን አትርሱ። አፋችሁ ውስጥ ያለው የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ አያውቅም። 45 ሜትር ላይ ግፊቱ 5.5 ባር ነው። ግማሹ ኦክስጅን የሆነውን ሲሊንደር እዚያ በስህተት ብትተነፍሱ የኦክስጅኑ ግፊት 2.75 ባር ይሆናል። ዲኮ ላይ እንኳ ገደባችን 1.6 ነው። ኦክስጅን ሲበዛ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሬጉሌተሩ ከአፍ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሲሊንደሩ ላይ በትልቁ የተጻፈ የጥልቀት ቁጥርና የጓደኛ ዓይን ነው የሚያድናችሁ፣ ኮምፒውተሩ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ የምትሞክሩት ግን አንድ ነገር አለ። "አንድ ሲሊንደር ጠፋብኝ" በሉና ከዝርዝሩ ለማውጣት ስንት ጊዜ ቁልፍ መጫን እንዳለባችሁ ቁጠሩ። ይኼ ትንሽ ነገር ይመስላል። ኮምፒውተሩ የመውጫ ሰዓታችሁን የሚያሰላው ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ጋዞች ሁሉ እጃችሁ ላይ እንዳሉ አድርጎ ነው። የሌለ ኦክስጅን ዝርዝሩ ላይ ከቀረ "22 ደቂቃ" ይላችኋል፤ እውነቱ ከዚያ ብዙ ሊረዝም ይችላል። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት። ሜኑው ውስጥ ከጠፋችሁ ሱቁ ውስጥ ጥፉ።

ስለ ስክሪን ብዙ አልልም። ትልቅ ይሁን፣ ብሩህ ይሁን፣ ጭቃ በተነሳበት ውሃ ማስክ ላይ አስጠግታችሁ የምታነቡት ይሁን። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ደግሞ ያለ መነጽር አንብቡት፤ አትፈሩ፣ ሁላችንም እዚያው ነን። ጥልቀት፣ የቀጣዩ ፌርማታ ጥልቀትና ደቂቃ፣ ጠቅላላ የመውጫ ሰዓት፣ የምትተነፍሱት ጋዝ፦ እነዚህ ምንም ሳይነኩ መታየት አለባቸው። የሰዓት ቅርጽ ያላቸው በየቀኑ ስለሚለበሱ ቆንጆ ናቸው፣ ግን ቁጥሩ ያንሳል። ለቴክኒካል ትልቁን እመርጣለሁ።

እዚህ ጋ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ጥሩ ጥያቄ አነሱ፦ "ባትሪው ውሃ ውስጥ ቢያልቅስ?" ብለው። ጋሼ፣ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ተራ ባትሪ ድንጋይ የሚቀበል ሞዴል አለ፣ በቻርጅ የሚሠራም አለ። ባለ ቻርጁ ከተማ ውስጥ ምቹ ነው። ጀልባ ላይ ለሳምንት ስትወጡና ጄነሬተሩ ሲቆም ግን ባለ ባትሪ ድንጋዩ ያስቀናል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር አንድ ብቻ አይያዝም።

ሁለት ያዙ ስል አንድ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው ዋናውን ውድ፣ ሁለተኛውን ከአሮጌ ዕቃው ያደርጋል። አሮጌው የመዝናኛ ኮምፒውተር ከሆነ ዲኮ ውስጥ ገብታችሁ ያስቀመጠውን ገደብ ስታልፉ ሊቆለፍ ይችላል፣ መጠባበቂያ አልሆነም። ቀመሩ ሌላ ከሆነ ደግሞ አንዱ "6 ሜትር ላይ 9 ደቂቃ" ሲል ሌላው "14" ይላል። ተጨንቃችሁ ባላችሁበት ሰዓት ሁለት ዳኛ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቀመር፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አንድ ዓይነት የጋዝ ዝርዝር። አንድ የሚያምር 1,500 ዶላር ኮምፒውተር ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለተኛውን መግዛት ካልቻላችሁ ጥልቀትና ሰዓት የሚያሳይ ቀላል ዕቃና ውሃ የማያበላሸው ወረቀት ላይ የተጻፈ ሰንጠረዥ ያዙ። ሰንጠረዡን ቤት ውስጥ የምታወጡበት ሰብሰርፌስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፣ ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የፈጠረው ሰውዬ። እሱም ጠላቂ ነው።

የሲሊንደር ግፊትን በሬዲዮ ስለሚልኩት ትራንስሚተሮች አጭር ልበል። ደስ ይላሉ፣ የአተነፋፈስ ፍጥነታችሁን ይመዘግባሉ። ግን ሲግናሉ አንዳንዴ ይቆራረጣል። ቱቦ ያለውን ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አትጣሉት። ሪብሪዘር (የተነፈሳችሁትን ጋዝ አጣርቶ መልሶ የሚሰጥ ማሽን) ደግሞ፦ ወደፊት ልትገቡበት ካሰባችሁ ኮምፒውተሩ የዝግ ዑደት ስሌት እንዳለው አረጋግጡ፣ ከማሽኑ ሴንሰር ጋር በኬብል የሚገናኘውን ግን ማሽኑን ሳትመርጡ አትግዙ። መሰኪያው ላይገጥም ይችላል።

ስም ጥራ ካላችሁኝ እጠራለሁ። ከ2004 ጀምሮ ካናዳ ውስጥ ያለው አምራች ሺርዋተር በቴክኒካል ጠላቂዎች እጅ ላይ በብዛት የማየው ነው፤ ሞዴሎቹ ፔርዲክስና ፔትረል ቡልማንን በግራዲየንት ፋክተር ይሠራሉ፣ ባትሪ ድንጋይ ይቀበላሉ። ፔሪግሪን ርካሹ ወንድማቸው ነው፣ ትራይሚክስ ግን አይቀበልም። የጀርመኑ ኦኤስቲሲ የፕሮግራሙን ኮድ ሳይቀር ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፣ ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጋርሚን ዲሴንት ሰዓት ለሚወዱ። ሱንቶ ለረጅም ጊዜ በራሱ ቀመር ቆይቶ ቆየት ብሎ ቡልማንን ጨምሯል፤ ያ ራሱ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ አገር ቤት። ቡልማን ከፍታን አስቦ ነበር ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል።

ጅቡቲ ሄዳችሁ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወይም ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ጋ ጠለቃችሁ። ባሕር ወለል ላይ ናችሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ወይም በባቡር ተመለሳችሁ። አውሮፕላን ስላልተሳፈራችሁ "ከጠለቃ በኋላ አትብረሩ" የሚለው ምክር እናንተን የማይነካ ይመስላችኋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከፍ ሲል የሚስተካከለው ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር ነው። ማለትም አዲስ አበባ መግባት ራሱ መብረር ነው! ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅቱ ዳን ለአንድ ዲኮ የሌለው ጠለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ጠለቃ 18 ሰዓት፣ ዲኮ ላለው ደግሞ ከ18 በእጅጉ የበለጠ ቆዩ ይላል። ምክሩ የተዘጋጀው በዚሁ ከፍታ ለሚበሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ ቴክኒካል ጠለቃ ካደረጋችሁ ጅቡቲ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ ሳትጠልቁ እረፉ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለችውን "አትብረሩ" የምትል የአውሮፕላን ምልክት የመንገድ ምልክት አድርጋችሁ አንብቧት። እሱ ነገ ማለዳ መኪና እንደምትሳፈሩ አያውቅም።

ሌላው የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ግፊቱ እዚያ ወደ 0.8 ባር ስለሆነ ከውሃ ስትወጡ የምታርፉበት ግፊት ከባሕሩ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ዲኮው ይረዝማል። ለባሕር የተሠራ የወረቀት ሰንጠረዥ እዚያ አይሠራም። አብዛኞቹ ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ሲበሩ የአየሩን ግፊት ራሳቸው ይለካሉ። የከፍታው ቅንብር "አውቶ" ላይ መሆኑን እዩ፣ ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁም በፊት አብሩት። ሐይቁ እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነ የውሃውን ዓይነትም ብትቀይሩ ጥሩ ነው፤ እሱ ግን የሚነካው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የጥልቀት ቁጥር ነው፣ በሦስት ከመቶ ገደማ። ስሌቱ የሚሄደው በግፊቱ ነው።

አንዲት እህት ያገለገለ ስለመግዛት ጠየቀችኝ። ይቻላል፣ እኔም አልቃወምም። የባትሪ ቤቱን ክፈቱና አረንጓዴ ዝገት ፈልጉ። የውስጡን መዝገብ አገላብጡ፣ እስከ ስንት ሜትር እንደወረደ ይናገራል። ሶፍትዌሩን ያድሳል ወይ ብላችሁ የአምራቹን ገጽ እዩ፣ የማይታደስ ከሆነ ዋጋውን አውርዱ። ከዚያ ሻጩን አብረን እንጥለቅ በሉት፣ ወይም የራሳችሁን ኮምፒውተር አጠገቡ አስራችሁ ገንዳ ውስጥ አውርዱት። ሁለቱ ጥልቀት ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ከተለያዩ ለሻጩ መልሱለት።

እሺ፣ ማይክሮፎኑ እዚያ ጋ ነው።